ትርፉን አትቁረጪው

ጳጉሜን 2፣ ሳቢያን

ከተመረቅኩ ወዲህ ቤት ውስጥ ስሰፋ ዓመት ሞላኝ። ሥራ እስካገኝ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ አሁን የሰፈሩ ሴቶች ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ። ለመጪው ዓመት የሕፃናት ልብስ ልጀምር፣ ዚፕ መግጠምም በደንብ ልልመድ እያልኩ ሳቅድ አረፈድኩ።

ከሰዓት እማዬ ድሪያዋን፣ ለሙቀቱ የምትለብሰውን ስስ ቀሚስ፣ ይዛ መጣች። መጀመሪያ የሰፋሁት ልብስ እሱ ነው። ከታመመች ወዲህ ደጋግሜ አጥብቤዋለሁ፤ ዛሬም ሰፍቷታል። ጎኖቹን ገባ አድርጌ ሰፋሁና፣ በውስጥ የተረፈው ጨርቅ ስለበዛ መቀሱን አነሳሁ።

«አቦ አትቁረጪው! ስወፍር ትተረትሪዋለሽ።»

«ጎንሽን ይቆረቁርሻል እኮ።»

«ይቆርቁረኝ። አንቺ ደግሞ ከተመረቅሽ ወዲህ መቀስ አበዛሽ!»

ሳቅን። ሳልቆርጥ ሰጠኋት።

ለዘመን መለወጫ ሳልነግራት አዲስ ጨርቅ ገዝቼላት ነበር። ጋደም ስትል ዘረጋሁት። በዛሬው ልኳ ብቆርጠው፣ ከእንግዲህ አትወፍርም ብዬ የፈረድኩባት መሰለኝ። በአምናው ልኳ ብቆርጠው ደግሞ ይውጣታል። ጠመኔውን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

በአምናው ልኳ ቆረጥኩት። ጎኖቹን ግን አልሰፋኋቸውም።