ባለቤቴን ተሸክመው ከሥልጠና ስለቀሩት ጎረቤቶቼ

ለተከበሩ የወረዳችን የኅብረተሰብ አደራጅ ኃላፊ፣

ከሞላሌ በላይ ካለችው ጭጋጋማ ቀበሌያችን ሆኜ፣ ለእርስዎ ጤንነት፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ሥራ ፈትቶ ለማያውቀው ማኅተምዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ እጅ እነሣለሁ።

ነሐሴ ላይ ስለ «ማኅበራዊ ካፒታል» ሊያሠለጥኑን በመጡ ዕለት ከእኔ በቀር ሰው ባለመገኘቱ፣ ቀበሌያችን «የመደጋገፍ ባህል የላትም» ተብላ ከምንጭ ማጎልበቻው ዕቅድ መሰረዟን በአክብሮት ሰምቻለሁ። የቀሪዎቹን ምክንያት ግን ላስረዳ።

1. ያን ዕለት ጠዋት ባለቤቴን አመተሥላሴን ምጥ ጠናባት። የመንደራችን አዋላጅ እትዬ ጠጄ ከአቅማቸው በላይ እንደሆነና ቶሎ ሞላሌ ጤና ጣቢያ መድረስ እንዳለባት ተናገሩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪና አይገባም። የዕድሩ ጡሩምባ ሲነፋ፣ አዳራሽ ተቀምጦ እርስዎን ይጠባበቅ የነበረው ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጣና በቃሬዛ ተሸክሟት ቁልቁል ገሰገሰ።

2. እኔ የልማት ቡድኑ ሊቀመንበር ነኝና፣ እንግዳ ሳልቀበል ብሄድ መንግሥት የሚጎድልበት መስሎኝ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ያህል ትልቅ ሰው መሆኔን የሚያምን በአገሩ እኔ ብቻ ነኝ። ሲደርሱ ሰዉ የት እንደሄደ ብነግርዎ «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» ብለው፣ ስለ መተሳሰብ ለእኔና ለባዶዎቹ አግዳሚ ወንበሮች በሰፊው አስረዱን። ወንበሮቹ እስከ መጨረሻው በጨዋነት አዳመጡ። እኔ ግን ሳላስፈቅድ ወጥቼ ሮጥሁ።

ተሸካሚዎቹ ወንዙን እንደተሻገሩ ደረስሁባቸውና ከዕድሩ ዳኛ ከአቶ አፈወርቅ ትከሻ ላይ ቃሬዛውን ተቀበልሁ። ባለቤቴ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«ሊቀመንበር፣ ስብሰባው አለቀ?» አለችኝ።

እስከ ሞላሌ ድረስ ቃሬዛውን ለሌላ ሰው አላስረከብሁም።

ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ስሟን ያወጣችው እናቷ ናት፤ ትሕትና አለቻት። ለምን ይህን ስም እንደመረጠች ብጠይቃት፣ ገልመጥ አድርጋኝ ማጥባቷን ቀጠለች።

3. ምንጩን ዕድርተኛው ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ መገንባት ጀምሯል። እኔም አሸዋ እንዳቀርብ ተፈቅዶልኛል፤ ንግግር ግን አልተፈቀደልኝም። ሲያልቅ መርቀው ይከፍቱልን ዘንድ፣ መቀስና ሪባንም ይዘው ይመጡልን ዘንድ በትሕትና እንለምናለን።

በብቸኝነት በመሠልጠኔ ዘወትር የምኮራው፣ ታማኝ ሊቀመንበርዎ
ወልደ አማኑኤል ዓምደ ሚካኤል

ማሳሰቢያ፦ ያን ዕለት ከሥልጠናው ሲመለሱ በቅሎዎ ረግረግ ውስጥ ሰጥማ፣ ከሞላሌ ይመጡ የነበሩ ሰዎች እርስዎንም እሷንም ጎትተው እንዳወጡ ይታወሳል። ስማቸውን ሳይጠይቁ ስለሄዱ ነው እንጂ፣ እነዚያ ቀሪዎቹ ነበሩ።