ወደ ውስጥ የሳብኩት አዎ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ዛሬም ሁለት «እናዝናለን» መጣልኝ። አንዱ ቅዳሜ ያመለከትኩት ነው፤ ሌላው የቱ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። ሲቪዬን እንዳላነበቡት አውቃለሁ። ቅጹ መጨረሻ ላይ ያቺን ጥያቄ ያስቀምጧታል፦ ቀጣሪሽ የሥራ ፈቃድ እንዲያወጣልሽ ትፈልጊያለሽ? «አዎ» ካልኩ በዚያው ቀረሁ። «አይ» ካልኩ ዋሸሁ። ደብሊን በፋይናንስ ማስተርሴን ይዤ፣ ለሥራ ፍለጋ የሰጡኝ ጊዜ አልቆ ወላጆቼ ዘንድ መርሳ ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ደክሞኛል።

ወልድያ ያለው የብድርና ቁጠባ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ እስከ ሰኞ ቁርጡን ንገሪኝ ብለውኛል። የሒሳብ ሠራተኛ። መጥፎ ሥራ ነው አልልም። ግን አንዴ ከገባሁበት ማመልከቱን እንደምተወው ራሴን አውቀዋለሁ።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ኢሜይል ገባ። ደብሊን ያለ፣ የኢንቨስትመንት ፈንዶችን ሒሳብ የሚሠራ ትንሽ ቢሮ ሐሙስ በቪዲዮ ሊያነጋግረኝ ይፈልጋል። ለእማ አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

የመርሳ መብራት ስለማይታመን በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ወልድያ ሄድኩ። የያዝኩት፦ ላፕቶፕ፣ ቻርጀር፣ የተተኮሰ ጥቁር ሻሽ፣ ዲግሪዬ (ማን ሊያየው?)፣ እማ በግድ ያስያዘችኝ ሦስት ማንጎ። ሳልነግራት አውቃለች ማለት ነው።

ጓደኛዬ ትዕግስት ፎቶ ኮፒ ቤቷን ዘግታ በሩ ላይ «ለጸሎት ወጥተናል» ብላ ለጠፈችልኝ። «አንቺን ብዬ ነው የዋሸሁት፤ ገብርኤል ይታረቀኝ» አለች።

ያነጋገረችኝ የቢሮው ኃላፊ ናት። ስለ ሪፖርት፣ ስለ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ስህተት ሳገኝ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። ምላሴ ሳይተሳሰር መለስኩ። መጨረሻ ላይ «ፈቃዱን እናወጣልሻለን፤ ግን አምስት ወር ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ አገርሽ ሆነሽ ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። ስምንት ወር የጠበቅኩ ሰው! እሺታዬን ሰጠኋት። ፊቷ ትንሽ ተለወጠና «ደህና ነሽ?» አለችኝ። «በጣም ደህና ነኝ» አልኩ። ቸኮል ብላ ተሰናበተችኝ።

ማንጎውን ከትዕግስት ጋር በላነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ኢሜይል መጣ። «የአምስት ወሩን ነገር ስትሰሚ ምን ያህል እንደደነገጥሽ አይተናል። ልናስጨንቅሽ አንፈልግም፤ ሌላ አመልካች ለማየት እያሰብን ነው።»

እኔ? መቼ ነው የደነገጥኩት? ሦስቴ አነበብኩት። እማ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር፤ ሄጄ ተረጎምኩላት። «እማ፣ ስደነግጥ ያስታውቅብኛል?» አልኳት። ቀና ሳትል ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «እህ» አለች። አዎ ማለቷ ነው።

በቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። አዎ ያልኩት በትንፋሽ ነው! መጀመሪያ ደብሊን የሄድኩ ጊዜ አብራኝ የምትኖረው ልጅ እንዲህ ባልኩ ቁጥር «ምን ሆንሽ?» እያለች ስታስቸግረኝ ትቼው ነበር። ከእማ ጋር ስከርም ተመለሰብኝ። እዚያ አገር ሰው እንዲህ የሚተነፍሰው መርዶ ሲሰማ ነው።

ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እማ ምስሩን ትታ «በአላህ፣ ምን አጠፋሁ?» ትለኛለች።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ይህ ነገር እንዴት ተብሎ ይጻፋል? የመጀመሪያው ረቂቅ ስለ ባህል አምስት አንቀጽ ሆነ። አጠፋሁት። ሁለተኛው ይቅርታ ብቻ ነው። እሱንም አጠፋሁት።

አባ ከግራና ገበያ ሽንኩርት አስጭነው ሲመለሱ ነገርኳቸው።

«አዎ ብለሻት የለም እንዴ?»

«ብያታለሁ አባ። ግን በትንፋሽ ነው ያልኩት። የደነገጥኩ መስሏታል።»

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ወላሂ፣ ለፈረንጅ ትንፋሽም ይተረጎማል? እንግዲያ ጻፊላት፤ ምን ያሳፍራል?»

ይህን ላክሁ፦ «በአገሬ ትንፋሽን ወደ ውስጥ መሳብ ‹አዎ› ማለት ነው። አልደነገጥኩም። አምስት ወር እጠብቃለሁ።» ከላክሁ በኋላ ግን እፍረት ገደለኝ።

እሁድ፣ ሰኔ 15

ምንም የለም። ቢሯቸው ዝግ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስልኬን ከማየት ግን አልቦዘንኩም። እማ ምሳ ብይ ስትለኝ ጮህኩባት። እንዲህ ያለ ሰው እየሆንኩ መሄዴ ከሥራ ማጣቱ ይልቅ ያስፈራኛል።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

በጠዋት እማን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ምኑን?» አለችኝ። የረሳች መስላ።

ሦስት ሰዓት ላይ የወልድያው ሥራ አስኪያጅ ደወሉ። «እንዴት ነው ልጄ፣ ትመጫለሽ ወይስ ሌላ ሰው ልያዝ?» ከደብሊን ገና ምንም አልመጣም። ቀን ይጨምሩልኝ ልላቸው አሰብኩና አፈርኩ። «ሌላ ሰው ይያዙ» አልኳቸው። ስልኩን ዘጋሁ። አበድኩ እንዴ?

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከደብሊን አንድ መስመር መጣ። «ስላስረዳሽን እናመሰግናለን። የፈቃዱን ማመልከቻ እንድንጀምር ሙሉ ስምሽን ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ላኪልን።» የገዛ ስሜን ስጽፍ ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ፈቃዱ ሊከለከልም ይችላል። ያንን አሁን አላስብም።

አባ ሱቅ ሄጄ ነገርኳቸው። ሽንኩርት እየመዘኑ ነበር፤ ሚዛኑን ተዉት።

«እና እስከዚያ አምስት ወር እዚሁ ከእኛ ጋር ነሽ?»

«አዎ አባ፣ እዚሁ ነኝ።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ያመሰገኑት ስለ ሥራው ይሁን ስለ አምስቱ ወር አልጠየቅኳቸውም።