ጓርኒሲዮኑን አትላኪው

ለምወድሽ ልጄ፦

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እንዴት ነሽልኝ? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ? ባልሽስ፣ አሁንም ሥራ ይዞት ምሳውን ይረሳል? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው ብዬ ልዘጋው ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው በስልክ የአባዬ ድምፅ ነፍስ ዘራ ብለሽ ደስ ብሎሽ ነበር። እኔም እኮ እንዳንቺው ነበርኩ! ወንድምሽን ከቀበርን ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ሰው ድንገት ተነስቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ የጭነት መኪናችንን፣ አጋሰስን፣ ልሠራት ነው ሲለኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አጋሰስ ብሎ ስም ያወጣላት ወንድምሽ አልነበር? ዳገት አይበግራት፣ ጭቃ አይይዛት፣ ሁልጊዜ ጭነት። ጎረቤታችን ብየዳ ሠራተኛው ወንድምሽን ይዛ ከገባችበት ገደል ሥር ጎትቶ ካመጣት ጀምሮ ጋራዡ ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። አባትሽ ሸራውን ገፎ ሻሲዋን ማቃናት ጀመረ።

ከዚያማ ሥራው ዕቃ ፍለጋ ሆነ። የእንዲህ ያለች አሮጊት ዕቃ ሱቅ የሚገኝበት ዘመን አልፏል። ፒስተኑን ከብረታ ብረት ነጋዴው ክምር ሥር ቆፍሮ አወጣ። ካርቡራቶሩን እህል ነጋዴው ጓሮ ከወደቀች እህቷ ላይ ፈታ። በሞተሩና በክዳኑ መሃል የሚነጠፈው ስስ ንጣፍ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ብቻ ጠፋ፤ እሱ ከሌለ ደግሞ ሞተሩ አይከደንም። ብየዳ ሠራተኛው የትራክተር አምጥቶለት ቀዳዳው አልገጥም አለ። አሮጌ መኪና ከሚያፈርሰው ሰው ዘንድ ያገኘሽለት አንቺ ነሽ። ያን ቀን እንዴት እንደፈነደቀ ባየሽው።

በማግስቱ ቁርስ ላይ የሥራውን ቅደም ተከተል አስረዳኝ። የስኳር ጣሳው ሞተር፣ ማንኪያዎቹ ፒስተን፣ የድስት ክዳኑ ቴስታታ ሆኑ። መጀመሪያ እነዚህ ይገባሉ፣ ከዚያ ጓርኒሲዮኑ ይነጠፋል፣ ከዚያ ቴስታታው ይጠብቃል፣ ከዚያ አስነስቼ በድንጋይ ካባው ቁልቁለት አወርዳታለሁ አለኝ። ወንድምሽ በቀረበት ቁልቁለት! ፍሬኑስ? አልኩት። ማንኪያዎቹን ሰብስቦ ወደ ማጠቢያው ወሰዳቸው። ካገባሁት ጀምሮ ማንኪያ ሲያነሳ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰፈር ጠርቼ አሳይ ነበር።

አባትሽን ታውቂዋለሽ። ለደንበኛው ሁሉ መጀመሪያ መቆሟን፣ ከዚያ መሄዷን እያለ፣ ፍሬን ሳያይ ሞተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ብቻ፣ ወንድምሽ ፍሬኗ እየላላ ነው ሲለው፣ ለዛሬ ትችላለች፣ ስትመለስ አያታለሁ አለው። ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚል ሰው! እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። አንድም ቀን አላነሳሁበትም፣ እሱም አላነሳም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነን ይኸው አንድ ገበታ እንቀርባለን።

ነገርን ከሥሩ ብዬ ብየዳ ሠራተኛውን ጠየቅኩት። የተበጠሰችውን የፍሬን ቱቦ በነፃ ልቀይርልህ ቢለው፣ አባትሽ እጁን ለቀም አድርጎ፣ አትንካት፣ እንደነበረች ትቀመጥ አለው። መቼም ያ ሰውዬ ቀብር ላይ እንኳ የሚቀልድ ነው፤ ይህን ሲነግረኝ ግን መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ልጄ፣ ፈራሁ።

እና በሞቴ፣ ጓርኒሲዮኑን በፖስታ አትላኪው። አጣሁትም አትበዪው፤ ተስፋ ከቆረጠ ከካርቶንም ቢሆን ቀዶ ይገጥማታል፣ እልኩን አውቀዋለሁ። ራሴ ይዤው እመጣለሁ በዪውና ነይ። አንቺን ይሰማል።

አንድ ነገር ደግሞ ልደብቅሽ አልችልም። የገጠመው ወንበር የሹፌሩን ብቻ ነበር። ከትናንት ወዲያ ጋራዡ ገብቼ የጎኑንም ግጠምልኝ፣ አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት። ለራሱ ባይሆን ለእኔ ሲል ፍሬኑን ይሠራዋል ብዬ ነው። ሚስቱ አይደለሁ? መፍቻውን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዛሬ ሻይ ይዤለት ስገባ ወንበሩን ገጥሞታል። አዲስ ስፖንጅ አልብሶ፣ እግርሽን እንደ ልብ እንድትዘረጊ ወደ ኋላ ሳብ አድርጌዋለሁ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ፤ ቱቦዋ እንደተበጠሰች ናት።

እኔም ወጣ ብዬ ተቀመጥኩበት። ይመቻል አልኩት።

መንገድሽን የቀና ያድርግልሽ፣ ቤትሽን ይባርክልሽ፣ ልጅ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ። ቶሎ ነይ፣ ልጄ። ምናልባት ስትደርሺ ካጣሽን፣ የቤቱን ቁልፍ ብየዳ ሠራተኛው ዘንድ ትቼልሻለሁ።

የአንቺና የወንድምሽ እናት