ነጭ የተቀባው ግድግዳ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ኮምቦልቻ፤

አሰላሙ አለይኩም። አንቺ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ያ ጉልበትሽስ ተሻለው? እኛ አልሐምዱሊላህ፤ ልጄን ኑራን ከያዛት ጉንፋን በቀር ደህና ነን። ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። የዚህ የለሚ ኩራ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፤ በስልክ የጀመርኩትን ወሬ ጎረቤት ነው የሚጨርስልኝ።

እህቴ፣ ግራ ገብቶኛል። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ገብቶብን ኑራን ጠረጴዛ ላይ አቁመን፣ አከራያችን እትዬ ሐሚዳ «አብሽሪ የኔ ልጅ» እያሉ እጇን ይዘው እንዳደሩ ነግሬሽ የለ? ዘንድሮ ታዲያ ወረዳው ቀድሞ ነቃ። ላጲሶ የሚባል ወጣት ባለሙያ ሰበሰበንና፣ ዝናቡ ጠባዩን ቀይሯል፣ ከእንግዲህ ጎርፍ ከገባ በኋላ ብርድ ልብስ ማደል አያዋጣም አለን። ቤት ለቤት ዞሮ ውሃው የደረሰበትን ይለካል፤ የባሰበት ሰፈር ቀድሞ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፈርለታል። ደስ አይልም?

ምን ዋጋ አለው! ሙኽታር፣ ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤታችን፣ «ለክተው ሲያበቁ ቤታችንን ነው የሚያፈርሱት» ብሎ ወሬውን ለቀቀው። ሰፈሩ ሁሉ ቀለም ገዢ ሆነልሽ። ጎርፉ ግድግዳችን ላይ ጥሎት የሄደውን የጭቃ መስመር በነጭ ቀለም ድራሹን አጠፋነው። እኔ ብሩሽ ይዤ፣ እትዬ ሐሚዳ ወንበር ላይ ሆነው «እዚያ ጋ ይታያል፤ ድገሚው» እያሉ።

ላጲሶ ሲመጣ ቤታችን የሙሽራ ቤት መስሏል። ውሃ ገብቶባችሁ ነበር ወይ ቢል፣ ሙኽታር ቀደም ብሎ፣ «የምን ውሃ? እኛ የቧንቧውንም በሳምንት አንዴ ነው የምናየው!» አለው። ሁሉም ሳቀ። እትዬ ሐሚዳም «ልጄ፣ እግራችን እንኳን አልረጠበም» አሉ። ልጁ ጌታ ይባርካችሁ ብሎን ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ቦዩ በሲኤምሲ በኩል ላሉት እንደተሰጠ ተሰማ። እነሱ ጎርፉን በስልክ ቀርጸው አሳይተዋል አሉ። ይኸው ሰኔ ገባ። ማንን ልውቀስ? ላጲሶ የነገርነውን ነው የጻፈው። እትዬ ሐሚዳም ከዚህች ቤት ሌላ የላቸውም፤ ብትፈርስ የት ይወድቃሉ? እኛስ? ኑራ ደግሞ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ማንም ሳይነግራት ጠረጴዛው ላይ ትወጣለች።

አሁን ጉዱን ስሚ። ማክሰኞ ግቢው በሙሉ ጉርድ ሾላ ለቅሶ ሄደ፤ እኔ ኑራን ላስታምም ቀረሁ። ሲመለሱ በበሩ በኩል ያለው ግድግዳ ቀለሙ ተፍቆ፣ የጭቃው መስመር ቁልጭ ብሏል! ሙኽታር «ይሄ የጅን ሥራ ነው» ሲል፣ እትዬ ሐሚዳ «ጅን ከኔ ግድግዳ ምን አለው? ቤቴን የሚጠላ ሰው ነው» አሉና አለቀሱ። እኔም ከሁሉ ጋር ማን ይሆን፣ ማን ይሆን ስል ዋልኩ።

በማግስቱ ላጲሶ ከች አለ። ማን እንደደወለለት አይታወቅም። ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፤ መስመሩ ከጉልበቱ በላይ ነው። ሙኽታር፣ ቦይ ነው ወይስ ማፍረሻ የምታመጣብን ብሎ ቢያፋጥጠው፣ ልጁ ራሱን አከከና እሱ ቦዩን እንደሚጠይቅ፣ የሚወስኑት ግን የበላዮቹ እንደሆኑ ነገረን። ይኸው እሱም እኛም ግራ እንደገባን አለን።

ትናንት ከሰዓት እትዬ ሐሚዳ ክፍሌ ገቡ። አጠገቤ ተቀመጡና እጄን ገልብጠው አዩ። ጣቶቼ ለምን እንደተላላጡ አልጠየቁኝም። ቫዝሊን ቀብተው በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉልኝና፣ ሊወጡ በሩ ጋ ሲደርሱ፣ «ቦዩን ሊቆፍሩ ከመጡ ምሳቸውን የምትሠሪው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ጽሕፈቴ ቢጣመምብሽ አትፍረጂብኝ። አንብበሽ ስታበቂ ደብዳቤውን ቅደጂው። አላህ ለእናንተ ማሳ የሚያጠግብ፣ ለእኛ ደጃፍ የሚራራ ዝናብ ያውርድልን። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ዱዓሽ አይለየን።

ታናሽ እህትሽ