ስፒድ ባግህና እትዬ ዘነበች ያላሉት ቃል

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። የጠዋት ቆጠራ፦ ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። በመጀመሪያው ዙር ሳልስት የመታሁት ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ሃያ ሁለት። ኳሷ አንድ ጊዜ ተመልሳ አፍንጫዬን መትታኛለች።

ተሼ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ አራት ወር አልፎ ሳምንት ሊሞላው ነው። ይህን ደብተር ታውቀዋለህ። በየቀኑ የቧንቧ ዕቃ ሱቄን ነገር ስጽፍበት አጠገቤ ቆመህ፣ "እኔ እዚህ ውስጥ የለሁበትም፤ ያለው ቧንቧ ብቻ ነው" እያልክ ትቀልድብኝ ነበር። ዛሬ አለህበት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሳሎኑ ሰፍቷል። እስከ በረንዳው በር ተደርድረው የነበሩት የሩቢኔትና የሻወር ካርቶኖች ወጥተዋል። ከሱቁ ጀርባ አንዲት ደረቅ ክፍል ተከራይቼላቸዋለሁ፤ ስፈልጋት ሁለት ቀን አልፈጀብኝም። አምና ብፈልጋትም ሁለት ቀን አይፈጅብኝም ነበር። ወንበርህን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ውሃ አሁንም የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው። የጀሞ ታክሲም ጠዋት ጠዋት አሁንም በክርን ነው የሚያዘው። ስፒድ ባግህ፣ ያቺ የቦክስ ኳስ፣ ደግሞ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። የምመታት እኔ ነኝ። አትሳቅ።

ያመጣሃት ቀን ትዝ ይለኛል። ከአውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ በወጣህ በሁለተኛው ወር ነው። ሐኪሙ ስኳርህንም ግፊትህንም ለክቶ፣ "ሰውነትህን አንቀሳቅስ" ብሎሃል። እንዳትሮጥ ጉልበትህ እምቢ አለ። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ሳሎን ውስጥ ትራፓኖ ይጮኻል፤ አንተ መሰላል ላይ፣ ነጭ አቧራ ፀጉርህ ላይ። ግድግዳው ላይ በአራት ብሎን የታሰረ ክብ የጣውላ ሰሌዳ፣ ከሥሩ የተንጠለጠለች አቮካዶ የመሰለች ቀይ የቆዳ ኳስ። "ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት?" ብልህ፣ "በእጅ መሮጫ ናት" አልከኝ። በልጅነትህ ቦክስ ትመታ እንደነበር በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው የነገርከኝ፤ በዚያች ቀን ግን አየሁት። ትከሻህ ወረደ፣ እጅህ ፈጠነ፣ ቤቱ በሙሉ ከበሮ ሆነ።

ልታስተምረኝም ሞክረህ ነበር። "በኃይል አይደለም ነጋዴዋ! አንዴ ትመቻታለሽ፣ ሰሌዳውን ሦስቴ ትነካለች፣ ከዚያ መልሰሽ ትመቻታለሽ። ዓይንሽን ተዪው፣ ጆሮሽን ስጫት" አልከኝ። እኔ አንድ ጊዜ መትቼ፣ ስቼ፣ "ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው" ብዬ ወጣሁ። አንተ ግን በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት አንድም ቀን አታጓድልም ነበር። ካኒቴራህ እስኪረጥብ ትመታና እያፏጨህ ትታጠባለህ። ስኳርህ ወረደ። ቀበቶህ ሁለት ቀዳዳ ገባ። በድሮ መሥሪያ ቤትህ ላለ ሰው ሁሉ ስልክ እየደወልክ ቀበቶህን ታወራ ነበር።

አሁን ወደማልወደው ልምጣ።

አምና ጥቅምት ላይ፣ ከእኛ ቤት በላይ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ዘነበች ታላቅ እህታቸው ሞቱባቸው። ለቅሶው እንደተሰማ ኳሷን ከመንጠቆዋ ያወረድካት አንተ ራስህ ነህ። "ሰው ሐዘን ላይ ተቀምጦ ከሥሩ ከበሮ አይመታም" አልክ። ሬዲዮኑንም ዝቅ አደረግን። ደግ ሥራ ነበር፤ ማንም ጎረቤት የሚያደርገው ነው። በዚያው ሰሞን የሱቁ ጓዳ ውስጥ ውሃ ገብቶ ዕቃ አበላሸብኝ። ዓይኔ ባዶው ግድግዳ ላይ አረፈ። "እስከ አርባው ብቻ" ብዬ አራት ካርቶን አስቀመጥኩ። አርባው ሲደርስ ሠላሳ ሆነዋል።

በአርባው ማግስት ኳሷን በፓምፕ ነፍተህ፣ ይዘህ ወደ ሳሎን መጣህ። እኔ ለሱቅ ነጠላዬን እየለበስኩ ነበር። እውነቱን ብነግርህ ምን ነበረበት? "ቦታው ጠቅሞኛል፤ ዕቃዬን የት ላድርገው?" ብል ወይ ትስማማለህ፣ ወይ ትከራከራለህ። ለክርክር ጊዜ አልነበረኝም። እኛ ነጋዴዎች አንድ ዘዴ አለን። ደንበኛ ሲቆጣ ጥፋቱን እዚያ በሌለው ሰው ላይ እናደርጋለን። "እኔ ምን ላድርግ፣ አስመጪው ነው" እንላለን። ደንበኛው አስመጪውን አያገኘውም፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። አፌ የለመደውን አወጣ። "እትዬ ዘነበች ቅር ብሏቸዋል። ያ ድብደባ ራሴን ያመኛል ብለዋል" አልኩህ።

አላሉም፣ ተሼ። አንድም ቃል አላሉም።

ኳሷን እንደያዝክ ቆመህ፣ "ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለው ችለውኝ ነው?" አልክ። "አፍረው ነው፤ አንተም እንዳታነሳባቸው" ብዬ በሩን ዘጋሁት። ሰሌዳውን የፈታኸው በገዛ እጅህ ነው። አራቱን ቀዳዳ በጄሶ ደፍነህ፣ እዚያ ምንም ያልነበረ እስኪመስል አለሰለስከው። እኔ ደግሞ ሰሌዳውን ወደ ሱቅ ወሰድኩት። ስድስት ቦታ በስቼ ለናሙና ሩቢኔት ሰካሁበት። ሱቅ መጥተህ ስታየው፣ "ጎሽ፣ ሥራ አገኘ" ብለህ ሳቅክ። አሳሳቅህ ልክ አልነበረም። አይቼ አለፍኩት።

ከዚያ ጀሪካኑ መጣ። ማክሰኞና ዓርብ፣ ውሃ በመጣ ቁጥር፣ በዚያ ጉልበትህ የእትዬ ዘነበችን ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ታወጣ ጀመር። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለህ ጉልበትህን ስታሽ አግኝቼህ ተቆጣሁ። "ተይኝ፣ ሴትየዋን በድያቸዋለሁ" አልከኝ። ያኔ ልናገር እችል ነበር። ቁልፌን ከቦርሳዬ አውጥቼ በሩን ከፈትኩ። ስምንት ወር ያህል ልናገር የምችልባቸው ጠዋቶች ነበሩ።

ኳሷ ባትወርድ ኖሮ አትሞትም ነበር ብዬ አልጽፍም። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ "ልብ ነው፣ እንዲህ ነው ማለት አይቻልም" አለኝ። እሱ የማይለውን እኔ አልልም። የማውቀውን ብቻ ልጻፍ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አላፏጨህም። ቀበቶህ ወደ ድሮው ቀዳዳ ተመለሰ። እትዬ ዘነበችን ደረጃ ላይ ስታገኝ አንገትህን ትደፋ ነበር፤ አንገት ያስደፋህ ደግሞ የኔ ቃል ነው።

አርባህ ካለፈ በኋላ እሳቸው ወርደው አጠገቤ ተቀመጡ። ሁለት ነገር ጠየቁኝ። "የተሾመ ከበሮ ለምን ቆመ? እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ያን ስሰማ ነጋ፣ ሰው አለ እል ነበር" አሉኝ። እኔ፣ "ደክሞት ነበር" አልኩ። ከዚያ፣ "ውሃዬን ባመጣ ቁጥር 'ይቅር በሉኝ እትዬ' ይለኝ ነበር። ምን አድርገኸኝ? ስለው ጀሪካኑን አስቀምጦ ይወርዳል። ልጄ፣ ምን አድርጎኝ ነው?" አሉ። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ "ልማዱ ነው" አልኳቸው። አንተን ዋሽቼ፣ እሳቸውንም ደገምኳቸው።

በዚያው ሳምንት ሩቢኔቶቹን ነቅዬ ሰሌዳውን ወደ ቤት አመጣሁት። ጄሶህን በትራፓኖ በሳሁት። አራቱንም ቀዳዳዎች ሳልስት አገኘኋቸው። ኳሷ ሰሌዳው ላይ ያሉትን የኔን ስድስት ቀዳዳዎች ስትነካ ትጣመማለች፤ የምስተው ለዚህ ነው እላለሁ፣ አንተ ግን አታምነኝም። ሰሌዳው በቁመትህ ልክ ስለሆነ ከሱቅ ባመጣሁት የእንጨት ሳጥን ላይ ቆሜ ነው የምመታው። እውነቱን ልንገርህ፦ የጀመርኩት ለጤናዬ ብዬ አይደለም። እሳቸው ድምፁን ይስሙልኝ፣ እኔም ሳልናገር ልገላገል ብዬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደረጃ ላይ አገኙኝ። ሁለት ጉንጬን ሳሙኝ። "እሰይ የኔ ልጅ! ቤቱ ነፍስ ዘራ። እንዳንቺ ያለ ጎረቤት ይብዛልኝ" ብለው መረቁኝ። ሱቅ ገብቼ እስከ ምሳ አንድ ሥራ አልሠራሁም። የማይገባኝን ምርቃት ተቀብዬ መጣሁ። አንተን ከቀበርን ወዲህ ሳይጠሩት በሬን የሚያንኳኳ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ብነግራቸው ሊቀሩ ይችላሉ። ይቅሩ። አንተ በሌለብህ ጥፋት ይቅርታ ለምነህ ሞተሃል፤ እሳቸውም ምን እንደማሩህ ሳያውቁ ይኖራሉ። ይህን ማስተካከል የሚችል ከኔ ሌላ በሕይወት ያለ ሰው የለም።

ሰሌዳውን ወደ ቁመቴ ዝቅ አላደርገውም። ጠዋት ጠዋት ሳጥኑ ላይ ስወጣ ራስህ የት ይደርስ እንደነበር አውቃለሁ፤ እጄን ማንሳት እስከቻልኩ ድረስ እዚያው እመጣለሁ። ጆሮዬንም እየሰጠኋት ነው።

ነገ ዓርብ፦ ውሃ የሚመጣው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ የእትዬ ዘነበችን ጀሪካን ሞልቶ አራተኛ ፎቅ ማውጣት። ቁጭ ብሎ መንገር። ሱቅ ከዚያ በኋላ።