የእሑዱ ዓይን

ለውድ ወንድሜ ለኤካርት፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዘንድሮም በግ ስትሸልት ጎብጠህ ዋልክ? ባለቤትህ ሎይስ ደህና ናት? ልጃችሁ ኬቲስ ሥራው ተስማማት? ከባሕር ማዶ በእናንተ በኩል አሁን ብራ ነው መሰለኝ። እዚህ ተራራው ጉም ለብሷል፤ ጣሪያው ሁሉ በዝናብ ብዛት ጠቁሯል፤ ምድጃ ከመቆስቆስ ሌላ ሥራ የለንም። እኔና እማዬ ደህና ነን። ዘንድሮ ይህን ቃል ለወጉ ያህል አይደለም የምጽፈው፤ ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ የእጅ ጽሑፌን ተመልከት። ያለፉትን ደብዳቤዎች የጻፈችልህ የአጎታችን ልጅ የፍሪድሄልም ሚስት ነበረች፤ አንተም ለምን እንደሆነ አልጠየቅክም። ከመስታወቷ ሌላ ያለችኝን አንዲቷን ዓይኔን ሞራ ጋርዷት ነበር። መጀመሪያ ጭስ ያለበት ክፍል የገባሁ መሰለኝ፤ ኋላ የሰው ፊት ጠፋኝ፤ በመጨረሻ ከገበያ ስመለስ የራሳችንን በር አልፌ የጎረቤት አንኳኳሁ። ሐኪሟ፣ “ለሌላው ሰው ይሄ ቀላል ቀዶ ጥገና ነው። ሞራውን አውጥተን ንጹህ ሌንስ እንተካለን፤ በማግስቱ ቤቱ ይገባል። አንቺ ግን መለዋወጫ የለሽም፤ አስቢበት” አለችኝ። አሰብኩበት። እያሰብኩ ሁለት ክረምት አለፈ። የፈራሁት መታወሬን ብቻ አልነበረም፤ እማዬን ማን ይደግፋታል ብዬ ነው። እሷ ግን “እኔ ልምራሻ፤ ይሄን ዳገት ከአንቺ በፊት ነው የማውቀው” ብላ ሳቀችብኝ። በሰማንያ ስምንት ዓመቷ፣ በዚያ ጉልበቷ።

ቀጠሮው ሲደርስ፣ ምናልባት የመጨረሻዬ ከሆነ ብዬ የማይበትን ነገር መረጥኩ። የት የሄድኩ ይመስልሃል? አባባ የመስታወት ዓይን ይሠሩበት ወደነበረው ክፍል ወረድኩ። በደብዛዛው አንድ በአንድ አየሁት፤ ጠረጴዛውን፣ የጋዝ ቱቦውን፣ የመስታወት ዘንጎቹን መደርደሪያ፣ የአንተን ትንሿን ወንበር ሳይቀር። ሌላው ሴት ልጅ ያጠበባት ቀሚስ ይቀመጥላታል፤ ለእኔ የተቀመጠልኝ ያ የሲጋራ ሣጥን ነው፤ ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ያጠበቡኝ የመስታወት ዓይኖች በጥጥ ላይ ተኝተውበታል። የመጀመሪያዋ እንዴት ታሳዝናለች መሰለህ፣ የእርግብ እንቁላል ሽራፊ ነው የምታክለው።

ታስታውስ እንደሆነ፣ በልደቴ ቀን ሌላው ቤት ኬክ ሲቆርስ እኔ እሳቱ ፊት እቀመጥ ነበር። አባባ መስታወቱን እያሽከረከሩ፣ እየነፉ፣ ቀና ብለው ደህናዋን ዓይኔን ያዩና ሰማያዊውን እንደ ክር እየሳቡ ይደርቡበታል። “እኔን እዪኝ እንጂ፣ አፍንጫዬን አይደለም” ይሉኛል። ነጩ ላይ ቀዩን ሥር ሲስሉ ደግሞ “ትናንት አልቅሳለች መሰለኝ፣ ትንሽ ልጨምርላት” ይላሉ። አንተ ከጎናቸው ሆነህ ሙያውን ልትማር ነው የተቀመጥከው፤ ግን ምላስህን እያወጣህ ታስቀኛለህ። “ይሄን ልጅ ከዚህ አስወጡልኝ! ስትስቅ እኮ ቀለሙ ይለወጥብኛል” እያሉ ይጮሁብሃል፤ ግን አንድም ቀን አስወጥተውህ አያውቁም። ልጁን እንደዚያ ትኩር ብሎ የሚያይ አባት ስንት ሰው አለው? ያ ክፍል፣ ያ ሙቀት፣ የእናንተ ትከሻ ለትከሻ መቀመጥ ዛሬም ይታወሰኛል።

ከዚያ ያ የ1989 በጋ መጣ። “ሐንጋሪ ሄጄ ሐይቅ ልዋኝ” ብለህ ፎጣህን ጠቅልለህ ወጣህ፤ ወደ ምዕራብ የሚያሻግረው ድንበር ሲከፈት በዚያው ቀረህ። አባባ ጉጠትህን መሳቢያ ውስጥ ከተቱና ቆለፉበት። ከዚያ ወዲያ ስምህን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ደብዳቤህ የመጣ ቀን ሰው ሳያዛቸው እንጨት ሊፈልጡ ይወጡ ነበር። ቀብራቸው ላይም አልመጣህም፤ አልፈርድብህም። ግን በፀደይ የጻፍክልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ተነብቦልኝ ጎኔን ወጋኝ፦ “አባባ ስሜን ሳይጠሩ ነው የሞቱት፤ ወንበር ወደሌለኝ ቤት መጥቼ ምን እሠራለሁ?” ብለሃል። እማዬም ሰማችው። ተነሥታ ወጣች።

ቀዶ ጥገናው እንደፈራሁት አልነበረም። ነቅቼ ነው የተሠራልኝ፤ ብርሃን ብቻ ነው የማየው። ሐኪሟ እያንጎራጎረች ትሠራለች፤ እኔም ሰው እያንጎራጎረ ክፉ ነገር አይሠራም ብዬ ተጽናናሁ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ “ይሄ ሁሉ ሰማያዊ ከየት መጣ?” ብዬ ጠየቅኩ። ነርሷ “እዚሁ ነበር እኮ፣ አንቺ ነሽ የጠፋሽው” አለችና ሳቀች። ለካ ሞራው ለብዙ ዓመት ቀስ በቀስ፣ ሳላውቀው፣ ዓለሙን ሁሉ ቢጫ አልብሶ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን አንድ አድርጎብኝ ኖሯል። ቤት ስገባ እማዬን አቀፍኳትና “ምነው እንዲህ አረጀሽ?” አልኳት። “አንቺስ? መስታወት አይተሻል?” አለችኝ።

ሄጄ አየሁ። አንዷ፣ የራሴዋ፣ አባባ እንደሚሉት ሰማያዊ የተልባ አበባ ናት። ሌላዋ፣ የመስታወቷ፣ አረንጓዴ ናት። ጥርት ያለች አረንጓዴ፣ ከብሌኗ በታች ወደ አፍንጫዬ በኩል ቡናማ ነጥብ ያለባት። ወንድሜ፣ መብራት አብርቼ ደግሜ አየሁ። ስንት ዓመት በዚህ መልክ ገበያ ወጥቻለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜያለሁ፣ አባባን ራሳቸውን ቀብሬያለሁ፤ አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም። ያገራችንን ሰው ታውቀዋለህ፣ በሌላ ቤት የመስታወት ሥራ ላይ አፉን አይከፍትም፤ የባለሙያው ሚስት በሕይወት እያለችማ ጭራሽ። ፍሪድሄልምም ያው ዓይን ሠሪ ነውና በየዓመቱ “ነይ አንዲት ልሥራልሽ” ሲለኝ ሥራ ፈላጊነት መስሎኝ “የአባባ አላለቀም” እያልኩ እመልሰው ነበር። አባባ በመጨረሻው ክረምታቸው፣ እኔን ፊታቸው ሳያስቀምጡ፣ የብዙ ዓመት የሚሆነኝን ባንድ ጊዜ ሠርተው አስቀምጠውልኛል። ሁሉንም አውጥቼ አየሁ። ሁሉም አረንጓዴ ናቸው።

ንዴቴን ይዤ ፍሪድሄልም ዘንድ ሄድኩ። “ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት። “አጎቴ በስተርጅና ቀለም መለየት ያቃታቸው መስሎን ነው። ደግሞ ከሞቱ በኋላ ማን ያዋርዳቸዋል?” አለኝ። ከዚያ አረንጓዴዋን ዓይን አስወልቆኝ መብራት ሥር አድርጎ አገላበጣት፤ በሣጥን የቀሩትን ጓደኞቿንም አስመጣኝና ጎን ለጎን ደረደራቸው። “ይሄ እንኳን የተሳሳተ ሰው ሥራ አይደለም፣ ሮስቪታ። ነጥቧን እያት፣ ሁሉም ላይ አንድ ቦታ ናት። ሂጂና እናትሽን ጠይቂ” ብሎ በጥጥ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

እማዬ ድንች ስትልጥ ነበር። አረንጓዴዋን ዓይን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። አንድ ጊዜ ብቻ አየት አደረገችና ቢላዋዋን ሳታቆም “አውቃታለሁ፣ የኤኪ ናት” አለች፤ በልጅነት ስምህ።

የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልህ። “ሲሠራት አጠገቡ ነበርኩ። ‘ኦስቫልድ፣ ተሳስተሃል፣ የልጅቷ ሰማያዊ ነው’ አልኩት። ‘አልተሳሳትኩም፤ ዝም በይ’ አለኝ። እሑድ ምሳ ላይ ግን ቦታ ቀይሮ ከፊትሽ ተቀመጠና አንቺን እያየ ሾርባው ቀዘቀዘበት” አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚያ ክረምት አባባ ወንበራቸውን ከፊቴ፣ ወደ መስታወቷ ዓይኔ በኩል አዛውረው ነበር፤ እኔ አንዱ ጆሯቸው አልሰማ ብሏቸው ነው ብዬ በዚያ በኩል ጮክ እያልኩ አወራቸው ነበር። “ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?” አልኳት። “አታይም ነበር። ደግሞ ላውልቃት ብትዪስ? እኔም እኮ አያታለሁ” አለችና ድንቿን ውኃው ውስጥ ጣለቻት።

አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ቀናሁብህ። ያን ያህል ዓመት ዓይኔን ሲያዩ ኖረው በመጨረሻ በእኔ ፊት ላይ ሌላ ሰው ፈለጉ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ግን አሰብኩት። አባባ ያለ ባለቤቱ ዓይን ሠርተው አያውቁም፤ ሰው ፎቶግራፍ ይዞ ሲመጣ እንኳ ይመልሱት ነበር። የአንተን ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሳያዩህ፣ ያለ ፎቶግራፍ፣ ያቺን ነጥብ ሳይስቱ ሠሩት። እስቲ አሁን ደብዳቤዬን አስቀምጥና መስታወት ፊት ቁም። ግራ ዓይንህ ላይ፣ ከብሌኑ በታች፣ ወደ አፍንጫህ በኩል። ስሜን አልጠሩም ላልከው መልሴ እሷው ናት።

ፍሪድሄልም አዲስ ሰማያዊ ሠርቶልኛል፤ እሳቱ ፊት አስቀምጦ፣ “እኔን እዪኝ” እያለ፣ ልክ እንደ አባባ። የሥራ ቀን የማደርገው እሷን ነው። እሑድ ምሳ ሲቀርብ ግን እማዬ ጠረጴዛው ላይ እጇን አጣጥፋ “እስቲ ልጁን አምጪልኝ” ትለኛለች። እኔም ወጥቼ አረንጓዴዋን አድርጌ እመለስና በአባባ ወንበር ትይዩ እቀመጣለሁ። እማዬ እኔን አታይም፤ አንተን እያየች ትበላለች። ግን መስታወት እንደምታውቀው በእንባ እየተበላ ይሻክራል፤ ያልተደረጉት አረንጓዴዎች ጥቂት ናቸው፤ እማዬም ደግሞ ዕድሜዋን ታውቃለህ። ና፣ ኤካርት። እኔም እሑድ እሑድ የራሴን ዓይን አድርጌ ልብላበት።

ሎይስን በእኔ ስም እቀፋት። ኬቲን ሳምልኝ፤ ዓይኗ የማንን እንደወጣ ጻፍልኝ። ፍሪድሄልምና ሚስቱ ሰላም ብለውሃል። ጉጠትህ ከመሳቢያው ወጥቶ ተወልውሏል። እማዬን “ምን ልበልልሽ?” ብላት፣ ቢላዋዋን አነሣችና “ስንት ድንች ልላጥ? ብለሽ ጠይቂው” አለችኝ።

እህትህ ሮስቪታ
ላውሻ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2019