ከቤቱ ታሪክ ስለ ወጡት ሦስት ገጾች

ስቶክሆልም፣ ሚያዝያ ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለተከበሩ የሴቶች ኮሌጃችን ርእሰ መምህርት፤

ጤናዎ እንዴት ከርሟል? የዘንድሮው ብርድ ለእኛ ላልለመድነው እንጂ ለእርስዎ እንዳልከፋ ተስፋ አደርጋለሁ። የዚህን ደብዳቤ የስዊድንኛ ቅጂ በፖስታ ልኬልዎታለሁ፤ ይህን ደግሞ የአገሬ ልጆች እንዲያነቡት በተማሪዎች ማኅበራችን መጽሔት አውጥቼዋለሁ።

አንደኛ፤ ኮሌጃችን ያለበትን የአሮጌውን ቪላ ታሪክ ለሃምሳኛው ዓመት በዓል እንድጽፍና እንዳነብ ከዚያ ሁሉ ስዊድናዊት መካከል እኔን ስለ መረጡ አመሰግናለሁ። ጋዜጣው ከሩቅ አገር የመጣች ተማሪ ፎቶግራፍ መፈለጉን የሰማሁት ኋላ ነው።

ሁለተኛ፤ ከከተማው ውጪ ሶለንቱና ድረስ ሄጄ ከወይዘሮ አልማ የሰማሁትን ሦስት ገጽ፣ ለበዓል አይስማማም ብለው ስላወጡልኝ ድካሜን አቅልለውልኛል። ወይዘሮ አልማ በወጣትነታቸው የዚያ ቤት ገረድ ነበሩ። የባለቤቱ የነጋዴው ልጅ ኤሊን ልማር ብትል፣ አባቷ የበረዶውን ወራት ሙሉ እሳት በሌለው የጣሪያ ሥር ክፍል ውስጥ ቆለፈባት፤ አልማም በታጠበ አንሶላ ውስጥ እየደበቁ መጻሕፍት ያደርሱላት ነበር። ልጅቱ በሳንባ ምች ሞተች። አባትየው ቤቱን ለሴቶች ትምህርት የሰጠው ከቀብሯ በኋላ ነው። እርስዎ በምትኩ፣ ነጋዴው ከወጣትነቱ ጀምሮ የሴቶች ትምህርት ወዳጅ ነበር የሚል አንድ መስመር አስገቡ፤ አጻጻፉ ያማረ ነው።

ሦስተኛው በደል የእርስዎ ሳይሆን የእኔ ነው። ያንን መስመር አነበብኩት። ወይዘሮ አልማን በበዓሉ እንዲገኙ የጋበዝኳቸው ራሴ ነበርኩ፤ ጥቁር ባርኔጣቸውን አድርገው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አንዴም አልተደናቀፍኩም። ተጨበጨበልኝ፤ ፎቶግራፍም ተነሣሁ።

በማግሥቱ በባቡር ቤታቸው ሄጄ፣ ታዝዤ ነው አልኳቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ጌታዬ መጽሐፉን ያመጣሽላት አንቺ ነሽ ወይ ሲሉኝ፣ አዎ አልኩ። ያኑ ዕለት ከቤቱ ተባረርኩ። አንቺን ምን ያገኝሽ ነበር?»

ነፃ ትምህርቱን የሰጠኝ መንግሥቴ ነው፤ እርስዎ ሊነጥቁኝ የሚችሉት የበዓሉን አንድ ምሳ ብቻ ነበር።

ለአነባበቧ የተጨበጨበላት፣ ቀና ብላ መሄድ የተሳናት ታዛዥ ተማሪዎ፣
ወርቅውሃ ሣህሉ

ማስታወሻ፤ የስዊድንኛውን ቅጂ ከመላኬ በፊት ለወይዘሮ አልማ አነበብኩላቸው። ስለ እርስዎ የጻፍኩትን አንድ ክፉ ቃል፣ «ሰው አይሰደብም» ብለው አስወጡኝ። ጽሑፍ ማረም እንዲህም እንደሚቻል ያወቅሁት ከእሳቸው ነው።